ግንባር ላይ የታጠፈው ቀንድ

ጁባ ውስጥ ኛዱኦት ዊዩአል ያልነካችው ግድግዳ ቢፈለግ ምናልባት ገና ያልተለሰነው ይገኝ ይሆናል። ሃይ ማላካል ሰፈር ካለው ፀጉር ቤት በር ላይ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትስቀው ሴት የእሷ እጅ ሥራ ናት። ቡሉክ ሰፈር ካለው ክሊኒክ አጥር ላይ ጨቅላዋን የምታስከትበው እናት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ውሃ ላይ የሚራመደው ጴጥሮስ፣ የእርዳታ ድርጅቶች በየትምህርት ቤቱ የሚለጥፉት «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለው ሥዕል፣ ሁሉም የእሷ ነው። እጅ የሚታጠቡ ሰዎችን እያሳቀች መሳል ግን ሰልችቷታል። እጁን ሲታጠብ ጥርሱን የሚያሳይ ሰው በሕይወቷ አይታ እንደማታውቅ ለአሠሪዎቿ ደጋግማ ብትነግራቸውም ሰሚ አላገኘችም።

ኛዱኦት ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። ቁመቷ መለሎ ስለሆነ ቦዳቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ስትፈናጠጥ ጉልበቷ የነጂውን ክርን እየገፋ መንገዱን ሙሉ ሲነታረኩ ይሄዳሉ። በእናቷ ጀርባ ታዝላ ድንበር ተሻገረችና ጋምቤላ፣ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ አደገች፤ ኑዌርኛውን ከእናቷ፣ አማርኛውን ከሜዳውና ከትምህርት ቤቱ ቀሰመች። ኋላም ዕድል ቀንቷት አዲስ አበባ ሥዕል ተማረች። አማርኛዋን በስልክ የሰማ ሰው የአራት ኪሎ ልጅ ናት ብሎ ይምላል፤ በአካል ሲያገኛት ደግሞ አንጋጦ እያያት ይደናገራል። ሰላም ወረደ ሲባል «እስቲ አገርሽ የሚሉኝን ልየው» ብላ ጁባ ገባች፤ በዚያው ቀረች።

አንድ አመል አለባት። የትም ብትስል አንድ በሬ ታስገባለች። ከምታስከትበው እናት ጀርባ በሩቁ አለ፤ ጴጥሮስ ከሚራመድበት ሐይቅ ዳር አለ፤ አንድ ጊዜማ የሞባይል መሸጫ ሱቅ ማስታወቂያ ላይ ከመስኮቱ ውጪ ቆሞ ተገኝቷል። ገላው ጥቁር፣ ራሱ ነጭ ነው። የቀኝ ቀንዱ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣል፤ የግራው ግን ግንባሩን አቋርጦ ወደ ቀኝ ዓይኑ ይታጠፋል። ደንበኞቿ ለምደውት «በሬሽስ?» ብለው ይጠይቋታል። የፊርማዋ ያህል ሆኗል።

በሬው የመጣው ከእናቷ ነው። ፉኝዶ ዝናብ ሲዘንብ እናቷ ከወንዙ ዳር ጥቁር ጭቃ ታመጣና ጣሪያው ሥር ቁጭ ብላ በሬ ትሠራላት ነበር። ገላውን በከሰል ታጠቁረዋለች፤ ራሱን አመድ ትቀባዋለች፤ የግራ ቀንዱን ወደ ግንባሩ ታጥፈዋለች፤ ከጫፉ ላይ ቀጭን የሣር ዘለላ ትሰካለች። ሌላ በሬ ሠርታላት አታውቅም። ትንሿ ኛዱኦት «ቀንዱ ለምን ተጣመመ?» ብላ ብትጠይቃት መልሷ አንድ ነበር፤ «እንዲህ ነው።» ከዚህ በላይ ቃል አይወጣትም። ልጅቷም አድጋ ጭቃን በሙያ ስታውቀው የራሷን መልስ አገኘች፦ ጭቃው ውሃ በዝቶበት ቀንዱ እየከበደ ይወድቃል፤ እናቷም ማቅናቱ ሲያቅታት እንዲሁ ትተወዋለች። ሣሩን ደግሞ የልጅ ማባበያ አድርጋ ቆጠረችው፤ በሥዕሏም አስገብታው አታውቅም።

አዲስ አበባ መምህሯ ከፍያለው ገና መጀመሪያ የሳለችውን በሬ ሲያይ ከሰሉን ከእጇ ተቀብሎ «ሚዛኑ ተዛብቷል» አለና የግራውን ቀንድ እንደ ቀኙ ሽቅብ አቆመላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀንዱን ያቆመውም በፍቅር ነው። ኛዱኦት ግን በእናቷ እጅ ሥራ አፈረች፤ በማፈሯ ደግሞ ሆድ ባሳት። ለፈተና ሲሆን ቀጥ ያለ ቀንድ ትስላለች። ነገር ዓለሙን ረስታ ስትሠራ ግን እጇ ሄዶ ሄዶ ያንኑ የታጠፈውን ያወጣል።

ጁባ ከገባች ወዲህ የሚያሳቅቃት ሌላ ነገር መጣ። ኑዌር ከኑዌር ጋር ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነሽ?» ነው። የተጠየቀ ሰው የአባቱን ስም ይጠራል፤ የአያቱን ይቀጥላል፤ ከዚያም ቅድመ አያት እያለ ወደላይ ይወጣል። ሁለቱ ሰዎች አንድ አያት ላይ ሲገናኙ ይሳሳቃሉ፣ ትከሻ ይመታታሉ፣ ዘመድ ናቸው። ኛዱኦት «ዊዩአል» ካለች በኋላ አፏ ይተሳሰራል። የዊዩአልን አባት አታውቀውም። ያን ጊዜ ጠያቂው ፊቱ ላይ የሚመጣውን አስተያየት ጠግባዋለች፤ ንቀት አይደለም፣ ሐዘኔታ ነው፤ እሱ ይብሳል።

ዊዩአልንም ቢሆን ከስሙ በቀር አታውቀውም። አባቷ እሷ ከመወለዷ ከብዙ ዘመን በፊት የሞተ ሰው ነው። ይህ ለኑዌር እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ጎልማሳ ልጅ ሳይወልድ ከሞተ ስሙ አብሮት እንዳይቀበር ታናሽ ወንድሙ በሟቹ ስም ከብት ሰጥቶ በሟቹ ስም ሚስት ያገባለታል፤ የሚወለዱትም ልጆች የሟቹ ልጆች ተብለው ይጠራሉ። የኛዱኦት እናት ባሏን ዓይታው አታውቅም። ኛዱኦትን ያስወለደው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ሳይመን ተብሎ የተጠመቀው፣ ልጅቱ ገና ስትድህ ወደ ጦርነቱ ሄደና አልተመለሰም። እናቷም ልጇ አዲስ አበባ እያለች በድንገት አረፈች። የሚያውቅ ዘመድ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ኛዱኦት ይህን ታሪኳን ለአዲስ አበባ ጓደኞቿ ስታወራ አንዳንዶቹ አማተቡ። እሷ ግን ነገሩን እንደ ተረት አልቆጠረችውም፤ አባት እንዳላት ታምናለች፣ የሚያሳያት ብቻ ነው ያጣችው። ፎቶግራፍ የለም፣ መቃብር የለም፣ «አየሁት» የሚል ሰው የለም።

እንዲህ እያለች ነው ማናህሎሽ የጠራቻት። ማናህሎሽ ቶንፒንግ በሚባለው ሰፈር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ አዲስ የሚከፈት ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ድምፅዋ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ የሚሰማ፣ የተከፋ ሰው ስታይ መጀመሪያ ምግብ የምታቀርብ ሴት። ከመመገቢያው ትይዩ ያለውን ረጅም የግቢ ግድግዳ ሰጠቻትና «እንግዳ ቁርስ ሲበላ ነጭ ዓባይን ይይልኝ፣ ከብት ይይልኝ፤ የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ» አለቻት።

ኛዱኦት እንደዚያ ተደስታ ሠርታ አታውቅም። ግድግዳውን ስቱኮ አስመታች፣ መወጣጫ አቆመች፣ በከሰል ነደፈች፣ ከዚያ በፕላስቲክ ቀለም ንጋቱን ከወንዙ ላይ አነሣችው። መንጋው ከጭጋጉ እየወጣ ይመጣል። ከፊት ከፊት፣ ከእውነተኛው የሚበልጥ፣ ጥቁሩ በሬ በነጭ ራሱ ቆሟል፤ የግራ ቀንዱ ግንባሩ ላይ ታጥፏል። ስትጨርስ መወጣጫው ላይ ቁጭ ብላ ራሷ ፈራችው። እውነትም የሚያስፈራ ነበር፤ ግቢ የሚጠርጉት ሴቶች እንኳ ከፊቱ ሲያልፉ ዝግ ይሉ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ለዕርቅ ስብሰባ ከየአገሩ የሚመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሊገቡ ሰዓታት ሲቀሩ ማናህሎሽ ስልኳን እንደያዘች መጣች።

«ኛዱ፣ የኔ ቆንጆ፣ ይሄ በሬ ቀንዱን ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም፣ እትዬ ማናህሎሽ። እንዲህ ነው።» አፏ ላይ የመጣው የእናቷ ቃል ነው።

«ለሆቴሉ ባለቤት ፎቶውን ብልክላቸው ‹ተሰብሯል እንዴ?› አሉኝ። ገና ሳንከፍት ስብራት ምን ያደርግልናል?»

«እናቴ በጭቃ ስትሠራልኝ እንዲህ ነበር።»

«ነፍሷን ይማር፤ እሷ ለልጇ መጫወቻ ነው የሠራችው። ይሄ የሆቴል ግድግዳ ነው። ደግሞ እንግዶቹን አስቢያቸው፤ ከብት ውስጥ ያደጉ ሰዎች ናቸው። የካምፕ ልጅ በሬ አታውቅም ብለው ይሳቁብሽ?»

ማናህሎሽ ክፋት አስባ አልተናገረችም፤ ነገሩ ግን ያገኛት የተደበቀችበት ቦታ ላይ ነው። ኛዱኦት በልጅነቷ አንድም ቀን ከብት አግዳ፣ በረት ጠርጋ አታውቅም። በሬን የምታውቀው ከጭቃ ነው። በኑዌር ሽማግሌዎች ፊት የተጣመመ በሬ አቁማ፣ ቀጥለውም «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሏት አፏ ሲተሳሰር ታያት። «እሺ፣ ጠዋት አቀናዋለሁ» አለች። ያን ምሽት ራቷን አልቀመሰችም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መወጣጫው ላይ ነበረች። የታጠፈውን ቀንድ በሰማዩ ቀለም ሸፈነችው፤ በነጩ ግንባር ላይ ያለፈውን ክፍልም በነጭ አጠፋችው። ከዚያ አዲስ ቀንድ፣ እንደ ቀኙ ቀጥ ያለ፣ ሽቅብ አወጣች። ቆንጆ ቀንድ ነበር። ከፍያለው ቢያየው ያጨበጭብ ነበር። እሷን ግን ቅር አላት።

ሽማግሌዎቹ ለቁርስ መውጣት ሲጀምሩ አንዱ ከጓደኞቻቸው ተነጥለው ወደ ግድግዳው መጡ። ፑዎት ይባላሉ፤ ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመሩት የጎልማሳነት ጠባሳዎች በፊታቸው ሽብሽብ መካከል አሁንም ጎልተው ይታያሉ። የስብሰባው ባጅ አንገታቸው ላይ ይወዛወዛል። ምርኩዛቸውን ተደግፈው የበሬውን ቀንዶች እያፈራረቁ መረመሩ።

«ማሌ» አለቻቸው ኛዱኦት፣ በኑዌርኛ ሰላምታ።

«ማሌ፣ ልጄ። ትናንት እዚህ የነበረው በሬ የት ሄደ?»

«ይኸው ነው፣ አባባ።»

«ይሄን አላውቀውም። የትናንቱን ነው የምጠይቅሽ። መኪናው በበሩ ሲገባ በመስኮት አየሁት። ዓይኔ ነው፣ እርጅና ነው ብዬ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።» ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። «ኩዌይ ነበር። ኩዌይን የት አየሽው?»

ኩዌይ ዓሣ አዳኙ ንስር ነው፤ ጥቁር ገላ፣ ነጭ ራስ። ዓባይ ዳር በየጠዋቱ ሲጮህ ትሰማዋለች። በዚያ መልክ የተወለደ በሬም በንስሩ ስም ይጠራል። ሽማግሌው መወጣጫው ሥር ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉና እያንዳንዱን ነገር ለሕፃን እንደሚያስረዱ ዓይነት ነገሯት። ወጣት ግንባሩ ተሰምሮ ጎልማሳ ሲሆን አባቱ በሬ ይሰጠዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሬው ስም የእሱም ስም ነው፤ እኩዮቹ የሚጠሩት በእሱ ነው። ወጣቱም የበሬውን ቀንድ ገና ለጋ ሳለ ጫፉን ሰያፍ አድርጎ በስለት ይቆርጠዋል፤ ቀንዱም በቆረጠው በኩል እየታጠፈ ያድጋል። ዓመታት ይፈጃል። ቀንዱን አይቶ ባለቤቱን የማያውቅ እኩያ የለም።

ኛዱኦት የእናቷ ጭቃ ትዝ አላት። ጭቃው አልከበደም ነበር። ቀንዱ አልወደቀም ነበር። ከብሩሹ ነጩ ቀለም ጫማዋ ላይ ሲንጠባጠብ አላየችውም።

«ቀንዱን እንዲህ ያጠፈው ማን ነበር?» አለች።

«አንድ እኩያችን ነዋ። ከእኛ ሁሉ መልከ መልካሙ። ልጅ ሳያገኝ ወንዝ ወሰደው። ዊዩአል ነበር ስሙ፤ እኛ ግን ኩዌይ ነበር የምንለው። ያን ስም ጠርቼ የሚመልስልኝ ካጣሁ ስንት ዘመኔ።»

መወጣጫውን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔም የዊዩአል ልጅ ነኝ። ኛዱኦት ዊዩአል።»

ሽማግሌው አልተነሡም፣ አልጮኹም። «ዊዩአል ብዙ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እናትሽን በስሙ ያገባለት ማን ነው?»

«ታናሽ ወንድሙ። ሳይመን።»

«ሳይመን!» ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ያ እጁ ከጭቃ የማይለይ ልጅ!»

ከዚያ በኋላ ያወሩት ሁሉ ኛዱኦት ጆሮ ውስጥ እንደ ጸሎት ነው የገባው። በዊዩአል ሐዘን ጊዜ በሬው ታረደ፤ ወጉ እንደዚያ ነው፣ ባለቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። ትንሹ ሳይመን ያን ቀን ወንዝ ዳር ወርዶ ኩዌይን በጭቃ ሠራው፤ ዓመት ዓመት ሲሰበር እንደገና ሠራው። ጎልምሶ በወንድሙ ስም ሚስት ሲያገባ ሙሽራይቱ ባሏ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀችው። እሱም የጭቃውን በሬ መዳፏ ላይ አስቀመጠላትና «ባልሽ ይኸውልሽ» አላት። ፑዎት እዚያ ነበሩ። ሴቶቹ በሣቅ ፈረሱ፤ ሙሽራይቱ ብቻ አልሣቀችም፤ በሬውን እያገላበጠች ስታየው ዋለች።

ኛዱኦት አፏን በእጇ ያዘች። እናቷ በሬውን ዓይታው አታውቅም። ባለቤቱንም ዓይታው አታውቅም። መዳፏ ላይ ያረፈውን ጭቃ ግን ድንበር አሻግራ፣ በርሃብ መካከል፣ በሰው አገር ዝናብ ሥር እንደገና እየሠራች ለልጇ መዳፍ አስረክባለች። ልጅቷም ትርጉሙን ሳታውቀው በየክሊኒኩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየሱቁ ስትስለው ኖራለች። አባቷን የሚያሳያት ሰው አጣሁ ስትል የኖረችው፣ እሷው ራሷ ለጁባ ከተማ ስታሳየው ነው። እንዲህ ያለ ነገር አለ ቢሏት አታምንም ነበር። መወጣጫው ላይ ቁጭ አለች፤ ዛሬ ጠዋት በገዛ እጇ ምን እንዳጠፋች የገባት ያኔ ነው፤ አለቀሰች።

ማናህሎሽ ከወጥ ቤት እየተጣደፈች መጣች። «ምነው? ምን ተፈጠረ? አባቴ፣ ሥዕሉ አልተመቸዎትም?»

ፑዎት በጦርነቱ ዘመን ኢታንግ ጣቢያ በስደት ሳሉ የለመዱትን አማርኛ ከተኛበት ቀሰቀሱት። «እመቤት፣ ይሄ ቀንድ ትክክል አይደለም።»

«አስተካክለነው እኮ ነው፣ አባቴ!»

«እሱ ነው ችግሩ» አሉ ሽማግሌው።

ኛዱኦት እንባዋን እያበሰች ነገሩን ለማናህሎሽ በአጭሩ ነገረቻት። ማናህሎሽ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ በሬውን አየች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ አፈር ልብላ» አለች። «ለባለቤቱ እኔ እመልስላቸዋለሁ፤ ቢፈልጉ መጥተው ራሳቸው ያቅኑት። ተነሽ፣ ኛዱ። አባትሽን መልሺው።»

ተነሣች። ቁርሱ ተረሳና ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወንበር እየያዙ ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፑዎት ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ፤ ቀንዱ ከሥሩ እንዴት ሰፋ ብሎ እንደሚጀምር፣ የት ላይ እንደሚዞር፣ ግንባሩን እንዴት ሳይነካው እንደሚያልፍ። ኛዱኦት ግን ትሰማቸዋለች እንጂ አትጠብቃቸውም ነበር። እሳቸው አንዱን ተናግረው ሳይጨርሱ እጇ ደርሶ አልፏል። የቀሩት ሽማግሌዎች ይህን እያዩ እርስ በርስ ተጠቃቀሱ።

«አሁን ጫፉ ላይ» አሉ ፑዎት እንደጨፈኑ፣ «ጫፉ ላይ ደግሞ...»

«ሣር» አለች ኛዱኦት።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። «ሣር አይደለም። የጅራት ፀጉር ጉንጉን ነው፤ ሲራመድ ዓይኑ ላይ እየተወዛወዘ ዝንብ ይከላከልለታል፣ ያምርበታልም። ግን ትናንት ግድግዳው ላይ አልነበረም። ማን ነገረሽ?»

«እናቴ። ፉኝዶ የጅራት ፀጉር አልነበራትም፤ ሣር ነበር የምትሰካው።»

ፑዎት ተደግፈው ተነሡ። ምርኩዛቸውን ለጎናቸው ሰው ሰጡና እነዚያን ረጃጅም እጆቻቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ቀኛቸውን ቀጥ አድርገው ሽቅብ ዘረጉ፣ ግራቸውን ግንባራቸው ላይ አጠፉ። በወጣትነታቸው ሲጨፍሩ እያንዳንዱ የራሱን በሬ ቀንድ በእጆቹ እንዲህ ይሠራው ነበር። ያ የዊዩአል ጭፈራ ነው። ኛዱኦት የአባቷን ቁመና ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በዚያች ቅጽበት፣ በአንድ ሽማግሌ ክንድ ላይ ነው።

ስብሰባው እስኪያልቅ በየምሽቱ የግቢው ወንበር ላይ አጠገባቸው እየተቀመጠች የአያቶቿን ስም አስጠኗት። የዊዩአልን አባት፣ የእሱን አባት፣ የእሱን። ስትሳሳት ይቆጣሉ፤ ስትደግመው ሻይ ያስመጡላታል። ማናህሎሽም ከጎን ሆና እየሰማች ሳታስበው ግማሹን ሸመደደችው።

የሚሄዱ ዕለት ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ሞተሩን ሲያሞቅ ኛዱኦት ልትሰናበታቸው አልቻለችም፤ አንገቷን ደፍታ ብሩሽ የምታጥብ መሰለች። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ፑዎት አንገታቸውን በመስኮቱ አወጡና ባለ በሌለ ድምፃቸው ተጣሩ።

«ኩዌይ!»

ኛዱኦት ብሩሹን ጣለችው። ቀለም ያረፈባቸውን እጆቿን አነሣች፤ ቀኟን ሽቅብ ዘረጋች፣ ግራዋን ግንባሯ ላይ አጠፈች። ኑዌርኛውን አጥታው ሳይሆን፣ ሰው ሲጣራ ከልጅነቷ የለመደችው እሱ ስለሆነ፣ ቶንፒንግ እስኪሰማ ድረስ በአማርኛ መለሰች።

«አቤት!»